ከጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና በኋላ የታዳጊዎች ጉልበት ለምን ይደርቃል? ከቀጠሮው በፊት ማወቅ የምፈልገው

እናት ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ። ከ3 ሳምንት በፊት በትምህርት ቤቷ የእጅ ኳስ ስትጫወት ዘልላ ባረፈችበት ቅጽበት ጉልበቷ ወደ ውስጥ ዞረና «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ማታውኑ ጉልበቷ አብጦ እግሯን መርገጥ አቃታት። እዚሁ ድሬዳዋ ታይታ ኤምአርአይ ከተነሣች በኋላ፣ ሐኪሞች ኤሲኤል የሚሉት የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ሙሉ በሙሉ እንደተበጠሰና በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ መደላድል የሚያገለግለው ሜኒስከስም እንደተሰነጠቀ ተነገረን። ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ እንዲሠራ ቀጠሮ ተይዞልናል፤ የቀረን 10 ቀን ነው።

እንቅልፍ የነሣኝ ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። የጎረቤታችን ልጅ ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ነገር ግን ጉልበቱ ደርቆ ስለቀረ ዛሬም ሲራመድ ያነክሳል፤ መሬት ላይ መቀመጥም አይችልም። የእኔ ልጅ ጉልበት እብጠቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በጀርባዋ ስትተኛ ጤነኛው እግሯ ፍራሹን ይነካል፤ በታመመው ጉልበቷ ሥር ግን እጄ በቀላሉ ይገባል። እንዳያማት ብላ አያቷ ሁልጊዜ ማታ ከጉልበቷ ሥር ትራስ ታደርግላታለች፤ ቀዶ ሕክምናው ሳይደርስ ወጌሻ እናሳያትም ትላለች።

በቀጠሮው ቀን ወረፋው ብዙ ስለነበር የምፈልገውን ሁሉ ለመጠየቅ አልቻልኩም። ለዚህ ችግር ይበልጥ የሚጋለጡት የትኞቹ ታዳጊዎች ናቸው? ከሚያጋልጡት ነገሮች ውስጥ እኛ በቤታችን ልንለውጠው የምንችለው የትኛው ነው? ጉልበቷ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ቀጠሮውን ማራዘም ይሻላል ወይስ ጊዜው እንዳያልፍ መቸኮል? በሙያው ያላችሁም፣ በልጆቻችሁ ያያችሁትም ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ሐረር

ውድ እህቴ፣ ጉልበታቸው ደርቆ ወደ እኔ የመጡትን ልጆች ታሪክ ወደኋላ እየመለስኩ ስጠይቅ፣ የብዙዎቹ ችግር የተጀመረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሆኖ አገኘዋለሁ። ስለዚህ የቀሩት 10 ቀናት እርስዎ ከሚያስቡት በላይ ዋጋ አላቸው።

ጅማቱ ሲበጠስ ጉልበት ውስጥ ደም ይፈስሳል፤ መጋጠሚያውን የሚሸፍነው ስስ ሽፋንም ይቆጣል። ገና እንደተቆጣ ያለ ጉልበት ላይ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ሁለተኛ ጉዳት ሆኖ ሲጨመርበት፣ ጠባሳ የሚሠሩት ሴሎች ከሚፈለገው በላይ ጠባሳ ይሠራሉ፤ ያም ጠባሳ ውሎ ሲያድር እየተሸበሸበ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይጎትታል። ከጉልበቱ ሎሚ፣ ማለትም ከፊት ካለው ክብ አጥንት፣ በላይ ያለው የመጋጠሚያው ከረጢት እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተጣጠፈ ነው፤ ጉልበት ሲታጠፍ ሽንሽኑ ይፈታል። ጠባሳ ሽንሽኑን ከሰፋው ጉልበቱ መታጠፍ አይችልም። ከሎሚው በታች ያለውን ስብ ከያዘው ደግሞ ሎሚው ከቦታው አልንቀሳቀስ ይላል፤ ጉልበቱም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ከሁለቱ የሚከፋው አለመዘርጋቱ ነው። መታጠፍ ጥቂት ቢጎድልበት ሰው ብዙውን ሥራውን ይሠራል፤ መዘርጋት 5 ዲግሪ ሲጎድልበት ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ያነክሳል፣ የጭኑ ጡንቻ ያለ እረፍት ይሠራል፣ ከሎሚው ሥርም ሕመም ይጀምረዋል።

ስለ ጊዜው ላነሡት ጥያቄ፣ የጉልበት ቀዶ ሐኪሙ ዶናልድ ሼልቦርንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት፣ ጉዳቱ በደረሰ በመጀመሪያው ሳምንት የተሠሩ ጉልበቶች ከ3 ሳምንት በኋላ ከተሠሩት ይልቅ የመድረቅ ችግር እንደበዛባቸው አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ቀን ከመቁጠር ይልቅ ጉልበቱን ራሱን ማየት እየተለመደ መጥቷል። ሦስት ሳምንት ቢሞላውም አሁንም ያበጠና የማይዘረጋ ጉልበት ዝግጁ አይደለም። እብጠቱ ሲጠፋ፣ ጉልበቱ እንደ ጤነኛው ሲዘረጋ፣ ቢያንስ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሲታጠፍ፣ ልጅቷም እግሯን ቀጥ አድርጋ ከአልጋው ስታነሣ ጉልበቷ ሳይረግብ ሲቀር፣ ያን ጊዜ ዝግጁ ነው እንላለን።

ይህንን እቤትዎ መለካት ይችላሉ። ልጅዎ በሆዷ ትተኛና ከጉልበቷ በታች ያለው የሁለቱም እግሯ ክፍል ከአልጋው ጠርዝ ውጭ ይንጠልጠል፤ ጭኖቿ ግን አልጋው ላይ ይሁኑ። ጡንቻዋን ስታላላ የማይዘረጋው እግር ተረከዝ ከሌላው ከፍ ብሎ ይታያል። በሁለቱ ተረከዞች መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት በማስመሪያ ይለኩት፤ 1 ሴንቲ ሜትር በግምት 1 ዲግሪ ነው። እብጠቱን ለማየት ደግሞ በጀርባዋ ተኝታ የጉልበቷን የውስጥ ጎን በመዳፍዎ ከታች ወደ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ያብሱት፤ ከዚያ በውጭው ጎን ከላይ ወደ ታች ሲያብሱ በውስጥ በኩል ትንሽ እብጠት ተመልሶ ብቅ ካለ ጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽ አለ ማለት ነው። ፈሳሹ ጥቂት ቢሆንም የጭኑን ጡንቻ ያዳክመዋል፤ ጡንቻው ሲዳከም ደግሞ ጉልበቱ ሳይዘረጋ ይቆያል።

ትራሱን ዛሬ ማታውኑ አንሡት። አያቷ በፍቅር እንዳደረጉት ይገባኛል፤ ነገር ግን ጉልበቱ ታጥፎ ባደረ ቁጥር መታጠፉን ይለምደዋል። ከተረከዟ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ያድርጉላት፤ ከጉልበቷ ሥር ምንም ሳይኖር በራሱ ክብደት ወደ ታች ይውረድ፤ በአንድ ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ ታድርገው። በዚያው መሐል ጭኗን እያጠበቀች ጉልበቷን ወደ ፍራሹ ትጫን። ለእብጠቱ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ 15 ደቂቃ ያህል አድርጉላት፤ በቀጥታ ቆዳዋን ግን አይንካ።

አንድ ነገር ብቻ እንዲያረጋግጡልኝ እፈልጋለሁ። ጉልበቷን ስትዘረጋ እንደ በር መቀርቀሪያ ድንገት አንድ ነጥብ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ የተሰነጠቀው ሜኒስከስ መሐል ገብቶ ይሆናልና ይህ በእንቅስቃሴ የሚፈታ አይደለም፤ ለሐኪሙ ቶሎ ይነገር።

አባት ከጁገል፣ ሐረር

እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን የጎረቤትዎ ልጅ ላይ የሆነው በእኔ ልጅ ላይ ሆኗል። ልጄ በ15 ዓመቱ እግር ኳስ ሲጫወት ተመሳሳይ ጉዳት ደረሰበት። ትምህርቱ እንዳያልፈው፣ ክረምቱም ሳያልቅ ይዳን ብለን ቸኮልን፤ ጉልበቱ ገና እንደ ዱባ አብጦ ሳለ በ8ኛው ቀን ተሠራለት። ያን ጊዜ መቆየት ይቻላል ብሎ የነገረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ከተመለስን በኋላ ያደረግነውን ሁሉ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። የተሰጠው የጉልበት መደገፊያ ቀበቶ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ አይነካ ብለን ለ5 ሳምንት ያህል ጉልበቱን ሳናንቀሳቅስ አቆየነው። ቀበቶው እንዳያመው ተብሎ በትንሹ ታጥፎ ነበር፤ ከሥሩም እንደ እርስዎ ቤት ትራስ ነበረው። ወደ ፊዚዮቴራፒ ስንሄድ ጉልበቱ ከሰባ ዲግሪ በላይ አልታጠፍ አለ። ተስፋ ስንቆርጥ ወጌሻ አመጣን። ሰውየው ስብራት በመጠገን የተከበሩ ናቸው፤ ክፋትም አልነበራቸውም፤ ነገር ግን በቅቤ አሽተው በጉልበት ሲያጥፉት ልጁ የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። በማግስቱ ጉልበቱ እንደ መጀመሪያው ቀን አብጦ አደረ፤ በብዙ ድካም ያገኘነው ጥቂት መታጠፍም ጠፋ።

መዘርጋት እንደቀረበት ያወቅሁት በጫማው ነው። አንድ ቀን ከቤቱ ደፍ ላይ የወለቀውን ጫማውን ሳነሣ የአንደኛው እግር ተረከዝ እንደ አዲስ ሆኖ የፊቱ ብቻ አልቆ አየሁ። ለወራት በጣቶቹ ብቻ ይረግጥ ነበር፤ እኛ ግን ማነከሱን ከሕመም ነው ብለን ትተነው ነበር። ኋላ ላይ ሌላ ሐኪም በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ገብቶ ጠባሳውን አጸዳለት፤ ከዚያ ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምሮ በየቀኑ አሠራነው። ዛሬ ጉልበቱ ይዘረጋል፤ ሰግዶ ሲቀመጥ ግን እግሩን ወደ ጎን አውጥቶ ነው። ትራሱን እንዲያነሡ፣ ወጌሻውንም ለዚህ ጉዳይ እንዳይጠሩ እንደ ወንድም እለምንዎታለሁ።

የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪም

ከላይ የተሰጡት ምላሾች ትክክል ናቸው። የጠየቁትን «ይበልጥ የሚጋለጡት የትኞቹ ናቸው» የሚለውን ልጨምርበት።

እ.ኤ.አ. በ2011 ከአሜሪካ የወጣ፣ ልጆችና ታዳጊዎች ብቻ የተካተቱበት ጥናት ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ችግሩን ከ100 ጉልበቶች በ8 ያህሉ ላይ አግኝቶታል። ችግሩ በብዛት የታየው በሴቶች፣ ከ16 እስከ 18 ዓመት ባሉት፣ አዲሱ ጅማት ከሎሚው በታች ካለው ጅማት በተወሰደላቸውና በዚያው ቀን ሜኒስከስ በተሰፋላቸው ላይ ነው። ይህንን የምጽፈው ላስፈራዎት አይደለም። ልጅዎ በጾታዋ፣ በዕድሜዋና በሜኒስከሷ ከተጋላጮቹ ወገን ስለሆነች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው ዝግጅትና በኋላ ያለው ክትትል ለእርሷ ይበልጥ ያስፈልጋል። ዕድሜዋንና ጾታዋን መለወጥ አይቻልም። ጅማቱ ከየት እንደሚወሰድ ግን ሐኪሟን መጠየቅ ይችላሉ፤ ከጭን ኋላም፣ ከሎሚው በላይም መውሰድ ይቻላል፤ እያንዳንዱም የራሱ ጥቅምና ጉዳት አለው። ምርጫው በመድረቅ ስጋት ብቻ የሚወሰን ባይሆንም ጥያቄው ግን ተገቢ ነው።

ሜኒስከስ ሲሰፋ ስፌቱ እንዲይዝ ብዙ ሐኪሞች ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጉልበቱ ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍ ይከለክላሉ። ቤተሰቦች ይህንን «ጉልበቷን አታንቀሳቅሱ» ብለው ይረዱታል። የሚከለከለው ከተወሰነ ዲግሪ በላይ መታጠፉ ነው፤ መዘርጋቱ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ይፈለጋል። የልጅዎን ሐኪም «ጉልበቷ ስንት ዲግሪ ድረስ ይታጠፍ? እስከ ስንተኛው ሳምንት?» ብለው ጠይቀው መልሱን በወረቀት ያስጽፉ፤ ድሬዳዋ ወይም ሐረር የሚከታተላት ፊዚዮቴራፒስትም ያንን ወረቀት ይፈልገዋል።

ከታካሚው ሳይሆን ከቀዶ ሕክምናው የሚመጡ ምክንያቶችም አሉ። አዲሱ ጅማት የሚያልፍበት ቀዳዳ በጭን አጥንት ላይ ወደ ፊት ከሄደ መታጠፍን፣ በታችኛው አጥንት ላይ ወደ ፊት ከሄደ ደግሞ መዘርጋትን ያግዳል። ሌላው ከአዲሱ ጅማት ፊት ለፊት የሚበቅል ክብ የጠባሳ እብጠት ነው፤ በካሜራ ሲታይ መሐሉ ላይ የደም ሥሮቹ ቀልተው ዓይን ስለሚመስል እ.ኤ.አ. በ1990 ሲገለጽ በግሪክ ተረት ባለ አንድ ዓይኑ ግዙፍ ስም ሳይክሎፕስ ተባለ። መጀመሪያ ደህና ይዘረጋ የነበረ ጉልበት ከሳምንታት በኋላ ቀስ በቀስ መዘርጋት ካቃተው ይህንን እንጠረጥራለን። ጉልበቱ በድንገት ሞቆ፣ ቀልቶ፣ ትኩሳት ተጨምሮ እንቅስቃሴው ከቀነሰ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ቀጠሮውን ስለማራዘም፣ ጉልበቷ እስኪረጋጋ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ጥሩ ነው፤ ወራት መቆየት ግን አይደለም። በታዳጊዎች ላይ ብዙ ሲዘገይ ጉልበቱ በተንሸራተተ ቁጥር ሜኒስከሱ የባሰ ይቀደዳል። ፊዚዮቴራፒስቱ እንዳሉት ሜኒስከሱ ቆልፎ ከያዘው ደግሞ መጠበቁ ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ የምትጠብቁት ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ሩጫና ዝላይ ሙሉ በሙሉ አቁማ ይሁን።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጉልበቷ በ4ኛው ሳምንት ካልተዘረጋ «ይስተካከላል» ተብሎ አይታለፍ፤ ያን ጊዜ ያለው ጠባሳ ገና ለስላሳ ስለሆነ በእንቅስቃሴ ብዙ ለውጥ ይገኛል። አጥንታቸው እድገቱን ባልጨረሰ ልጆች ላይ በማደንዘዣ አስተኝቶ በኃይል ማጠፍ ብቻውን አይመከርም፤ ከጉልበት በላይ ያለው የአጥንቱ ማደጊያ ክፍል ሊሰበር ይችላል። በሙሉ ማደንዘዣ፣ በሠለጠነ እጅ እንኳን ይህ ስጋት ካለ፣ ያለ ማደንዘዣ በቅቤ አሽቶ በኃይል ማጠፍ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

እናት ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት በሆዷ አስተኝቼ ለካሁት፤ በተረከዞቿ መካከል ያለው ልዩነት 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ስትዘረጋ ድንገት የሚያቆማት ነገር የለም፤ ከኋላ በኩል ይጎትተኛል ነው የምትለው። ሐኪሟ ጋ ደውዬ እብጠቱንና ልኬቱን ስነግረው ቀጠሮው በ3 ሳምንት እንዲገፋ ተስማማ፤ ኤምአርአይውንም እንደገና አይቶ ሜኒስከሱ ከቦታው እንዳልወጣ ነገረኝ። አሁን የቀረኝ ጥያቄ ስለ ሕመሙ ነው። ፎጣው ላይ ስታደርገው ከ5 ደቂቃ በኋላ ታለቅሳለች። ምን ያህል ልጨክንባት? ደግሞስ ከቀዶ ሕክምናው ስንመለስ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለውን መንገድ እንዴት ትቀመጥ?

ፊዚዮቴራፒስት፣ ሐረር

መልካም ዜና ነው፤ «ከኋላ ይጎትተኛል» ማለቷ በእንቅስቃሴ የሚለቅ ዓይነት መሆኑን ያመለክታል። ጭካኔ አያስፈልግም። እያለቀሰች 10 ደቂቃ ከምትቆይ በ4 ደቂቃ አንሥተዋት ከሰዓት በኋላ ቢደግሙት ይሻላል፤ ሕመም ሲበዛ ጡንቻው ራሱን ይቋጥርና ጉልበቱ ይበልጥ ይታጠፋል። ሐኪሟ ያዘዘላት ማስታገሻ ካለ ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድማ ትውሰድ። መለኪያዎ የማግስቱ ጠዋት ይሁን። መሳቡ በእንቅስቃሴው ጊዜ አሟት ከተነሣች በኋላ ከለቀቃት ልክ ነው፤ ጠዋት ስትነሣ ጉልበቷ ከትናንቱ ይበልጥ ካበጠ ግን በዝቶባታልና በዚያን ቀን በግማሽ ይቀንሱላት።

ለመንገዱ፣ በአውቶቡስም ሆነ በባቡር እግሯን ዘርግታ ፊት ለፊቷ ባለ ሻንጣ ላይ ተረከዟን የምታሳርፍበት ቦታ ያዘጋጁላት፤ ከጉልበቷ ሥር ልብስም ሆነ ትራስ አይግባ። በየሰዓቱ ጭኗን እያጠበቀች ጉልበቷን ትዘርጋ፤ የእግር ጣቶቿንና ቁርጭምጭሚቷንም ታንቀሳቅስ፤ ይህ ደም እንዳይረጋም ይጠቅማል። እዚህ ያለውን የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ከመሄዳችሁ በፊት ያዙት። ተመልሰው ወረፋ ሲፈልጉ ሁለት ሳምንት ከጠፋ፣ የጠፉት ለመዘርጋት ዋናዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው።

እናት ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

የፊዚዮቴራፒውን ቀጠሮ ዛሬ ጠዋት ይዤያለሁ። ልዩነቱ ከ4 ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ከጁገል የጻፉልንን አባት ምላሽ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ስለ ወጌሻ ዳግም አላነሣችም። ትራሱን ራሷ አንሥታ ወሰደችው፤ አሁን ማታ ማታ ማስመሪያውን ይዛ የምትለካው እሷ ናት።